ቀዩ የካንዴላ ገመድ

አባቴ ጎንደር ሳሉ የወባ መድኃኒት ረጪ ሠራተኞችን ሞተር ሳይክል ይጠግኑ ነበር። እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከመጣን ወዲህ ግን ሥራቸው ዖሜር በሚባለው የሀብታሞች መንደር የሰው አትክልት መኮትኮት ሆነ። ከመጣን አሥር ዓመት ካለፈን በኋላ ነው አንዱ ባለቤት ከሎሚ ዛፉ ሥር ዝጎ የቆመ ዶቅዶቄ የሰጣቸው። ሽኩና ቤት ወደሚባለው ሰፈራችን አምጥተው ከሕንጻችን ደረጃ ሥር አስገቡት፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲፈቱ ሲገጥሙ ከረሙ። እየሠሩ ያፏጫሉ። እዚህ አገር ሲያፏጩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻ የቀረው ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው የካንዴላው ገመድና ካንዴላው ላይ የሚደፋው ቆብ ነበር።

ለመግዛት እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ዕብራይስጥ አልሆነላቸውም፤ ክሊኒክም ባንክም አፋቸው እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ እንደ ድሮው ያለ ቆብ መረጡና ገመዱ የሚጠመዘዝበትን ብሎን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ገመዱ ጥቁርም ቀይም አለ። ቀዩ ወፍራም ነው፣ ዓይን ይስባል። ጫፉን ቀረብ አድርገው አዩት።

«ይኸ ውስጡ መዳብ የለውም፣ ጥቁር ክር ነው። ከዚህ ቆብ ጋር ይሆናል ወይ? ጠይቂው» አሉኝ።

ጠየቅሁት። ሻጩ ሳቀ። ቀዩ ለዘመኑ መኪና ነው፣ የዚህ ቆብ ብሎን አይነክሰውም፣ መዳብ ያለው ጥቁሩ ነው አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ለዚያ ቁራጭ ብረት ምን ያደክመዋል፣ ሳባ፣ አያትዬው ማለቱ ነው፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛ፣ እናንተ ደግሞ ሞተር የት ታውቁና ብሎ ጨመረበት። ከኋላችን የተሰለፉትም ሳቁ። ደሜ ፈላ። አባቴ አፍ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። ይህን እንዴት አድርጌ ላውጣው? ስድቡን ልዋጥ ብዬ ሁሉንም ዋጥሁት።

«አዲስ ዓይነት ነው፣ ይሆናል አለ፣ አባባ» አልኳቸው።

ቀዩን ገዛን።

ዶቅዶቄው ሲረግጡት አንድ ሁለቴ ያስልና ይጠፋል። ካርቡራተሩን አጠቡ፣ ካንዴላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ ደግመው አጠቡ። ገመዱን ግን አልነኩትም፤ ልጃቸው ይሆናል ብላለቻ። ከምሠራበት ፋብሪካ ስገባ ደረጃው ሥር አቀርቅረው አያቸዋለሁ። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ አልፌያቸው ደረጃውን እወጣለሁ። ማፏጨቱም ቀረ። አንድ ቀን እጃቸውን እየታጠቡ ለእናቴ «እጄ ረስቷል» ሲሏት ሰማሁ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርሁም። እኔን ብሎ ልጅ!

በሳምንቱ፣ በድምፅ ማጉያ «አሮጌ ዕቃ» እያለ የሚዞረው መኪና መጣና አባቴ አስጭነው ሰጡት። ስመለስ ደረጃው ሥር የዘይት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ያኔ አልቻልሁም፣ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳቁንም፣ ስድቡንም፣ መዳቡንም።

ቀና ብለው አዩኝ።

«መሳደቡንማ ከፊቱ አይቼዋለሁ» አሉ። «እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ገመዱ ነበር።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ለደም ግፊታቸው ቀጠሮ ነበራቸው። እንደ ልማዴ ጫማዬን ሳደርግ፣ አንቺ ተቀመጪ ብለው ካርዳቸውን ይዘው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፣ ፌርማታው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ሐኪሙ ከሚላቸው አንዲት ቃል እንደማይገባቸው እሳቸውም እኔም እናውቃለን።