ክርስትና ያላነሳኋት ልጅ

ነጠላውን ዶርዜ ድረስ ወጥቼ ያሠራሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ጎረቤቴ ከሰሜን መጥታ አርባ ምንጭ የምታስተምር ናት። ሴት ልጅ ስትወልድ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ፣ እናቷ ሩቅ ስለሆኑ ያረስኳትም እኔ ነኝ። ታዲያ በሰማንያ ቀኗ ልጅቷን ክርስትና የሚያነሳት ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

«እህቴ፣» አለችኝ ነጠላውን ሳሳያት፣ «ክርስትና እናት እኮ ኦርቶዶክስ መሆን አለባት።»

«እኔ አልተጠመቅኩም?»

«ተጠምቀሻል፤ ግን…»

ተጠምቄያለሁ እንጂ! በሃያ ዓመቴ፣ ተምሬ፣ በጉባኤ ፊት መስክሬ፣ ጥርስ በሚያንገጫግጭ የጨንቻ ወንዝ ውስጥ ተነክሬ በገዛ እግሬ ወጥቻለሁ። እኛ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም፤ ወላጆቹ ጉባኤ ፊት ያቀርቡታል፣ መጋቢው ይጸልይለታል፣ ጥምቀቱ ራሱ እስኪያምን ይቆያል። ክርስትናም እንደዚያ ጸሎትና ድግስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱ ዘንድ ክርስትናው ራሱ ጥምቀቱ ነው፤ ልጅቷን ከውሃው የምትቀበላት ሴትም በእምነቷ ልታሳድጋት ቃል የምትገባ እናት ናት። ገባኝ። ቅናቴ ግን ስለገባኝ አልበረደም።

የተመረጠችው የጎረቤቴ የሥራ ባልደረባ ነበረች። ሕፃኗን አንድ ቀን እንኳ አጥባ አታውቅም። ነጠላውን ለልጅቷ መጠቅለያ ይሁን ብዬ ሰጠሁና፣ የክርስትናው ዕለት ጠዋት ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አየሁ። ሴትየዋ ከውሃው ተቀብላ በኔ ነጠላ አቀፈቻት፤ ቄሱም ማተብ አሰሩላት። ሕፃኗ እጇ ላይ እሪ አለች። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሴትየዋ በዓመቱ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ልጅቷ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሥራ ስትውል እሷ እኔ ጋ ትውላለች። ምሳዋን የማበላት፣ ጸጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እነሱ ቤት ስገባ ወንበር ላይ ቆማ የክርስትናዋን ፎቶ ታያለች።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ ሴትየዋን እየጠቆመች።

«አላውቃትም።»

«ክርስትና እናቴ ናት እኮ! ይሄን ነጠላም እሷ ናት የሰጠችኝ።»

«ያሠራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር እልህ ተጋባሁ። «ያን ቀን እዚያው ቆሜ ነበር። አንቺን አቅፋሽ አይቻታለሁ!»

ልጅቷ ጣቷን ከፎቶው ላይ አነሳች።

«ታዲያ ለምን አላውቃትም አልሽኝ?»