እማማ ብርቄ ሚዛን ላይ ያልወጡበት ቅዳሜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሊንዳ የአውሮፕላን ቁልፍ ትሰጠኛለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። የሰጠችኝ ሚዛን ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚወጣበት፣ ጠፍጣፋ የቤት ሚዛን።

"እዚህ ድርጅት አብራሪ ማለት ሰው የሚመዝን ሰው ነው፤ በተረፈው ሰዓት ይበርራል" አለችኝ። "ማንንም ሳትመዝን እንዳትነሳ። እናቴ ብትመጣም መዝናት።"

ሊንዳ ሰባ ዓመት አልፏታል። ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ከኢንስፒራዳ ሰፈር ብዙ በማይርቀው ትንሽ አየር ማረፊያ ሦስት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች አሏት። ሥራችን ቤተሰብ ጠዋት ይዞ ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ገደል የሚያይ ገደል፣ ሐይቅ የሚያይ ሐይቅ፣ ዘመድ የሚጠይቅ ዘመዱ ዘንድ እናደርሳለን።

እኔ ከዚያ በፊት ኤፔክስ መጋዘን ውስጥ ሰባት ዓመት ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ነድቻለሁ። የበረራ ትምህርቴንም የከፈልኩት በኦቨርታይም ነው። መጋዘን ውስጥም ክብደት ነበር ሥራዬ፤ ግን ካርቶን ሲመዘን አይቀየምም። ደረጀ እባላለሁ፤ ሚዛኑን ከያዝኩ ወዲህ የተቀየመኝን ሰው ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መንገደኛው የያዘውን ሁሉ እንደያዘ ይመዘናል። ፓውንዱ ቅጽ ላይ ይሞላል። ከዚያ ነዳጁ ይደመራል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ይታያል፣ ሰንጠረዡ ይነበባል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይለግማል። ስለዚህ ላስ ቬጋስ ውስጥ በበጋ ማለዳ የሚነሳ አውሮፕላን ረፋዱ ላይ ያንኑ ጭነት ይዞ ላይነሳ ይችላል። የሊንዳ ሕግ ደግሞ ከዚያም የጠበቀ ነው፤ ቴርሞሜትሩ በአሜሪካኖቹ ፋራናይት መቶ ከነካ በረራ የለም።

ሰው ስለ ክብደቱ ይዋሻል። አንድ ጎረምሳ እጮኛው ፊት መቶ ሰማንያ ነኝ ብሎኝ ሚዛኑ ሁለት መቶ ሃያ አለ። "የጫማዬ ነው" አለኝ። "ጫማህም አብሮን ይሄዳል" አልኩትና ጻፍኩ።

ሰይድ የሚባል ሆቴል የሚሠራ የወሎ ሰው ደግሞ ለዒድ ልጆቹን ገደል ሊያሳይ መጣ። እሱ ወጥቶ ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብሎ አነበበ። ተራው የባለቤቱ ሲሆን "ዞር በል" የሚል ድምፅ ሰማሁና እኔ ዞርኩ። "አንተን አይደለም፣ አንተማ ሥራህ ነው፤ እሱን ነው" አለችኝ። ሰይድ እስካሁን የሚስቱን ክብደት አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ አልነግረውም።

እንዲህ እየመዘንኩ አራት ዓመት አንድም ሰው ሳላልፍ ቆየሁ። በአምስተኛው ዓመት በጋ እማማ ብርቄ መጡ።

እማማ ብርቄ ልጃቸው ሳሙኤል ዘንድ ሦስት ወር ከርመው ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ናቸው። ሴቷ ልጃቸው ቤቲ ፔጅ በምትባል የአሪዞና ትንሽ ከተማ ነርስ ናት፤ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ፔጅ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፣ የእማማ ወገብ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይችልም። በእኛ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ እሱንም ሐኪማቸው በግድ ፈቀደ። እሑድ በረራ ስለሌለን ያቺ ቅዳሜ ካለፈች ሕፃኑን ሳያዩ መሄዳቸው ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ስለሆነ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም።

አራት ሆነው መጡ፤ እማማ፣ ሳሙኤል፣ የሳሙኤል ሚስት ሊዲያ፣ የእማማ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደሰ። ጋሽ ታደሰ እዚሁ ከተማ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ለአራስ የሚሆን ምግብ የያዘ አንድ ሻንጣ ነበራቸው፤ መዝኜ ፈቀድኩላቸው። ሦስቱ በየተራ ወጡ። እማማ ግን ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው እንደተቀመጡ ናቸው።

"እማማ፣ እርስዎም አንዴ ቢወጡልኝ" አልኩ።

"እኔን ነው የምትመዝነው?" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሃምሳ ኪሎ ነኝ ልጄ፤ ከዚያ አልፌ አላውቅም።"

ሳሙኤል ጫማውን ያይ ጀመር። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት እጃቸውን ይዤ እንደ ጆንያ ሚዛን ላይ ላቁም? ይሉኝታ ያዘኝ። መቶ አሥር ፓውንድ ብዬ ጻፍኩ። ዐይኔ ግን ሌላ ቁጥር እያነበበ ነበር፤ እሱንም አውቄ ዝም አሰኘሁት።

ከዚያ ነዳጅ ልሞላ ወጣሁ። ያ ቤተሰብ እኔ ዞር ባልኩበት አምስት ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳደረገ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ሁሉም ተቀመጡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ማይክ ያለውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፉ። ማዳመጫው አንዱ ሲናገር ለሁሉም ያሰማል። መንደርደሪያው ጫፍ ደርሼ ሞተሩን ቼክ ሳደርግ እማማ "ልጸልይ?" አሉ። ይጸልዩ አልኩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታያለህ። ይህ ልጅ ኪሎዬን ሲጠይቀኝ ሃምሳ ያልኩት የሠርጌን ጊዜ ነው፤ ይቅር በለኝ። በመቀነቴ የታጠቅሁትንም ቅቤ ታያለህ፤ ለአራስ ነው። ሳሚ ጃኬቱ ውስጥ የከተተውን ማር ታያለህ። ሊዲያ ከእግሯ ሥር ያደረገችውን በሶ ታያለህ። የታደሰንም ሁለት ጣሳ አጃ ታያለህ። ይህን ሁሉ ይዞ ለሚነሳው ለዚህ ልጅ ጉልበት ስጠው። በኢየሱስ ስም።"

"አሜን" አሉ ሦስቱም፣ ከልባቸው።

ደንግጬ የሬዲዮውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ኖሮ የጸሎቱን ማብቂያ የመቆጣጠሪያ ማማው ሰው ሰምቷል። "እባክህ ድገምልኝ" አለኝ። ወደ ማቆሚያዬ ልመለስ ነው አልኩት። ችግር እንዳለ ጠየቀኝ። ቅቤ አይባልም። "የክብደት ጉዳይ" አልኩ።

ሁሉንም አወረድኩ። በዚህ ጊዜ እማማ ራሳቸው ሚዛኑ ላይ ወጥተው ቆሙ። የሠርጋቸው ጊዜና የዛሬው ልዩነት ከነቅቤው ሰባ ፓውንድ ነው። ማሩ፣ በሶውና አጃው ሲደመር ሰንጠረዡ አንድ ነገር አለ፦ ወይ ምግቡ ሁሉ ይቅር፣ ወይ አንድ ሰው ይቅር። ቴርሞሜትሩ ዘጠና አንድ ነበር።

"አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም" አሉ እማማ። ምግቡን የሚቃወም አልተገኘም። ስለዚህ ሰው።

"እኔ ልቅር" አለ ሳሙኤል።

"አንተማ ወንድሟ ነህ፤ እኔ ልቅር" አለች ሊዲያ።

"ሁለታችሁም አትቀሩም፤ እኔ ፔጅን በታክሲ ሁለቴ አይቻታለሁ" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ማንም አይቀርም፤ እኔ ልቅርና ቅቤው ይሂድ" አሉ እማማ።

ምግብ ቤት ሒሳብ ልክፈል እየተባባሉ ሲጎተቱ ያየ ሰው ይህን ግብግብ ያውቀዋል። ሳሙኤል ማሩን ለሊዲያ አስይዞ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሊዲያ ሮጣ በጃኬቱ ጎትታ መለሰችው። ጋሽ ታደሰ "በሞቴ" አሉ። ሳሙኤል "በእኔ ሞት" አለ። ጋሽ ታደሰ ተቀየሙና እሳቸውን ለማባበል ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ደስ ብሎኝ ነበር የማየው። አሜሪካኖች ቢሆኑ በሠላሳ ሴኮንድ በሳንቲም ዕጣ ጥለው ይጨርሱ ነበር። ጣልቃ መግባትም አሳፈረኝ፤ ማን እንደሚቀር መወሰን የአብራሪው ሥራ መሆኑን እያወቅሁ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ቆምኩ።

ሊንዳ ከቢሮዋ ወጣች። "ምንድን ነው የሚጣሉት?" አለችኝ።

"አይጣሉም። እኔ ልቅር፣ እኔ ልቅር እየተባባሉ ነው።"

ወደ ቴርሞሜትሩ ዞር አለች። "በጣም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ዘጠና ሰባት ደርሷል።"

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ አሸንፈው መኪና ውስጥ ገብተው በር ቆለፉ። ሁሉም ተስማምቶ ወደ አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰንጠረዡን እንደገና አነበብኩ። አንድ ሰው መቅረቱ በዘጠና አንድ ይበቃ ነበር። በዘጠና ሰባት አይበቃም።

ለሳሙኤል ነገርኩት። ሌላ ግብግብ ሊጀመር መሆኑን ስላየሁ በዚህ ጊዜ አልጠበቅሁም። "ሊዲያ ለእማማ ታስፈልጋለች። አንተ ትቀራለህ" አልኩት። "በሞቴ" የሚል አልነበረም። ማሩን ከጃኬቱ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጠ፣ እናቱን ሳመና ወደ ጋሽ ታደሰ መኪና ሄደ። አንገቱን ያቀረቀረበት ሁኔታ ልቤን በላው። ጠዋት እማማን መዝኜ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ገና ሳይሞቅ ያልቅ ነበር፤ አንድ ሰው ቀርቶ ሳሙኤል ይሄድ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ዘጠና ስምንት ሲል ተነሳን። መንደርደሪያውን ከወትሮው ረዘም አድርገን ተጠቀምንበት። እማማ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ቁልቁል ያዩ ነበር። አንዴ ብቻ "ቅቤው አይቀልጥም?" አሉኝ።

ፔጅ ስናርፍ ሻንጣቸውን ይዤ እስከ ቤቲ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ቤቲ በሩን የከፈተችው ሕፃኑን ታቅፋ ነው። እማማ ሕፃኑን ተቀበሏት፤ ግንባሩን አሽትተው፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ነክተው፣ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሊዲያም አለቀሰች። እኔ ሻንጣውን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

ቤቲ ከትከሻዬ በላይ ወደ ውጭ አየች። "ሳሚስ?" አለች።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። "ሺፍት ገባበት" አሉ ፈጠን ብለው።

ጠዋት ውሸታቸውን ለጌታ የተናዘዙት እኚህ ሴት፣ ቀትር ሳይሞላ ለእኔ ሲሉ ሌላ ዋሹ። ሊዲያ አቀርቅራ ሻንጣውን መፍታት ጀመረች። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

"ሺፍት አልገባበትም" አልኳት ቤቲን። "አውሮፕላኑ ድረስ መጥቶ ነበር። በእኔ ጥፋት ነው የቀረው።"

ቤቲ ስልኳን አንስታ ለወንድሟ በቪዲዮ ደወለችለት። ሕፃኑን በስልክ አየው።

ለአዲስ አብራሪዎች ይህን እነግራቸዋለሁ። እምቢ የምትሉትን ነገር በጠዋቱ እምቢ በሉ። ያን ቀን ማልጄ እምቢ ብል አንድ ሰው ይቀር ነበር፤ ስላረፈድኩ ሁለት ቀሩ።