ጄልዱ ላይ የተጎለተው አንበሳ

ወንጪ አንድ ሎጅ ገብቼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ ሳይ ደሜ ፈላ። አዲሱን ወረቀት በሻይ ነክረው፣ ጠርዙን በሻማ ለብልበው የጥንት አስመስለውታል።

አምቦ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እኛም የድሮ ፈረንጅ አሳሾችን ካርታ እንዲሁ ገልብጠን ነበር። ከጄልዱ ሊጠይቁን የመጡት አያቴ ሻይ ሻይ የሚሸተውን ወረቀቴን አገላብጠው “አገራችን የታለች?” አሉኝ። ከአሳሹ ካርታ ገልብጬ አንበሳ የሣልኩበትን ቦታ አሳየኋቸው።

“ገብሳችን ላይ አንበሳ? ፈረንጁስ አላየውም። በየክረምቱ እየመጣሽ ድንች የምትቆፍሪበት አንቺ ምን ነካሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?”

አፍሬ አንበሳውን ፋቅሁና ቤታቸውን ሣልኩ። መምህሬ “ኦሪጅናሉ ላይ የለም” ብለው በቀይ ሰረዙት።

እዚህ የሎጁ ካርታ ውስጥም ያው አንበሳ ጄልዱ ላይ ተጎልቷል። “ማነው የሠራው?” ብዬ አስተናጋጁ ላይ ጮህኩ።

“የጄልዱ ልጅ ነው” አለኝ ፈገግ ብሎ፤ “እጀ ወርቅ ነው።”