ጋዜጣው «ጠፍቷል» ያለው ማንን ነው?

ዛሬ ምሳ ላይ ስሜን ከሩዝ ትሪ ሥር አገኘሁት።

እኛ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሱለይ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የምንሠራ ልጆች ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፈን ነው የምንበላው። ዐረብኛ የሚያነብልን ከማል ድንገት ትሪውን ገፋ አደረገና «ወንድሜ፣ ስምህ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«ጠፍቷል ነው የሚለው።»

እዚህ አገር ሠራተኛ ጠፋ ከተባለ ከከፊሉ፣ ማለትም ከአሠሪው፣ ኮበለለ ማለት ነው። ኢቃማህ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ይሰረዛል፤ ከተያዝክ ኸላስ፣ ወደ አገርህ ነህ። ሩዙን ትቼ ተነሣሁ።

እጄን ሳልታጠብ ከፊሌ ጋ ደወልኩ። «ኧረ እኔ መቼ ጠፋሁብህ? ሥራ ላይ ነኝ!»

በሳቅ ፈረሰ። ለካ የጠፋው እሱ ዘንድ የነበረው ፓስፖርቴ ነው! መጥፋቱ መጀመሪያ በጋዜጣ ካልታወጀ አዲስ አይወጣም ስለተባለ ነው ያስነገረው።

ከማል ላይ ጮህኩበት። «ታዲያ ፓስፖርት የሚለውን ለምን አላነበብክልኝም?»

«እሱ ላይ መረቅ ፈሶበት ነበር» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

አልሐምዱሊላህ! ፓስፖርቴ ይፈለግ እንጂ እኔስ አለሁ፤ ሩዙንም ጨርሻለሁ። እናንተስ፣ ቁጭ ብላችሁ እየበላችሁ ጠፍታችሁ ታውቃላችሁ?