የእታለም ቀኝ ጉንጭ

ለጡረታዬ ጉርድ ፎቶ አምጪ ተብዬ ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ክቡ መብራት ዓይኔን አጭበረበረኝ፤ ፎቶ አንሺዋ ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ የግንባሬን መስመሮች አንድ በአንድ ስታጠፋቸው "ተይው ልጄ" ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ ሲጨብጥ የኖረ ሰው ይደክመዋል። ከኋላዬ የተሰቀለው መጋረጃ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ያ ሽታ የጋሼ ውብሸትን ፎቶ ቤት አመጣብኝ።

ከገበያው በላይ የነበረች የጭቃ ቤት ናት፤ ክረምት ክረምት ከጉና የሚወርደው ጉም ሳያንኳኳ ይገባባት ነበር። ጋሼ ውብሸት ከካሜራው ሌላ ያለው አንድ መስኮት፣ የቆርቆሮ ቆብ የተደፋበት አንድ አምፑልና በእንጨት ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነው። አምፑሉን በአንድ ወገን፣ አቡጀዲውን በሌላው ወገን ያቆምና እየተጠጋ፣ እየራቀ፣ በአፉ እያፏጨ ብርሃኑን ፊት ላይ ያስተኛዋል። የከተማው ሴቶች ከዚያች ቤት ቆንጆ ሆነው ይወጡ ነበር።

ታላቅ እህቴን አለምነሽን እታለም እላታለሁ። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ቀኝ ጉንጯን ጠብሶት ነበር። እብናት የሚኖር አንድ መምህር ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቹ መልኳን እንይ ቢሉ፣ እናቴ ሁለታችንንም ይዛን ወደ ጋሼ ውብሸት ሄደች።

"እባክዎ፣ ያቺን ነገር ይሸፍኑልኝ" አለችው።

አቡጀዲውን አነሳ፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ አምፑሉን ወደ ግራ ሳበው። የእታለም ቀኝ ጉንጭ ጥላ ውስጥ ገባ። እናቴ ደስ ብሏት ጨው ልትገዛ ወጣች፤ እታለም ግን ከበርጩማው አልተነሳችም።

"ጋሼ፣ አንድ ይጨምሩልኝ። ይኸኛው ጉንጬ ወደ መስኮቱ ይሁን።"

"እናትሽስ?"

"የሚያገባኝ ሰው በጨለማ ብቻ አያየኝም።"

ጋሼ ውብሸት ማፏጨቱን ተወ። አቡጀዲውን መልሶ አቆመ፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ። እሷም ሳቀች። ስንወጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ "ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ።

ፎቶዎቹ ሲደርሱ እናቴ ያሸገችውን ፖስታ እታለም በድብቅ ከፍታ ፎቶውን በሌላኛው ለወጠችው። መልስ እስኪመጣ አንድ ወር አለፈ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ የምከፍተው እኔ ነበርሁ። በመጨረሻ መምህሩ ራሱ መጣና ከኮቱ ኪስ ፎቶውን አወጣ። እናቴ አይታው ክው አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ሰውዬው "የመረጥኋት በዚህች ነው፣ እማማ" አላት።

ተጋቡ፤ ልጅ አልወለዱም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ሲስቁም ሲኳረፉም ረጅም ዘመን ኖሩ። ፎቶውን እስኪበጣጠስ ድረስ በኪሱ ይዞት ዞረ። ጋሼ ውብሸት አረፈ፤ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። እናቴ ሞተች፣ ሰውዬው ሞተ፣ አምና ደግሞ እታለም።

እኔ ጋ የቀረው እናቴ የመረጠችው ፎቶ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን አወጣውና ጥላ የዋጠውን ጉንጯን አያለሁ። ጠባሳው እስከ ከንፈሯ ይደርስ ነበር ወይስ አይደርስም? ስንት ጊዜ የሳምሁት ጉንጭ ነው፤ ጠፋብኝ። የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።