ሞላው የተቀየረለት ጠመንጃ

ይህ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር ነው። አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የሙዝ ማሳዬ ጦጣ የማባርርበት፣ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ጠመንጃ ነበረኝ። ጉልበቱ ደካማ ስለነበር ጠንካራ ሞላ ገዝቼ ሲቀላ ሰፈር ለሚገኘው የስፌት መኪና ጠጋኝ ለጌታሁን ሰጠሁት። ሰደፉን በዋንዛ እንጨት አስለወጥኩ፤ ብርቱካናማ አፈሙዙንም ጥቁር ቀባሁት። ከሚገባው በላይ እውነተኛ መሰለ።

ከጌታሁን ተቀብዬ፣ ገና ሳልሞክረው፣ በባጃጅ ስመለስ አንድ ፖሊስ አስቆመን።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጫወቻ ነው፤ ሰው አይጎዳም።»

«እንግዲያው መዳፍዎ ላይ ተኩሰው ያሳዩኝ። አለዚያ ጠመንጃውም እርስዎም ጣቢያ ትገባላችሁ።»

የሞላው ሻጭ «ቆርቆሮ ይበሳል» ብሎኝ ነበር። ይህን ለፖሊሱ መናገር ደግሞ ጠመንጃዬን በገዛ አፌ ማስወረስ ነው። መዳፌን ዘረጋሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ተው!» አሉ አጠገቤ የተሳፈሩ አንዲት እናት።

«ጋሼ፣ ግራውን ያድርጉት፤» አለ ባለባጃጁ፣ «ቀኙ ጣቢያ ለመፈረም ይፈለጋል።»

ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩ። ትንኝ የነከሰችኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ፖሊሱ እየሳቀ አሰናበተን።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጽናት ባስተማርኩ ቁጥር ያችን መዳፍ ከፍ አድርጌ አሳይ ነበር። የሚገርመው፣ ጦጦቹም እንደ እኔው ጽኑ ሆኑብኝ፤ እየተኮስኩባቸው ሙዜን በእርጋታ ይበላሉ።

ዘንድሮ ጌታሁንና እኔ አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሲያጫውተኝ፣ አዲሱ ሞላ አልገባ ቢለው ያን ጊዜ አሮጌውን መልሶ ገጥሞልኝ ኖሯል። አዲሱ እስከ ዛሬ የሱቁን በር እየሳበ ይዘጋለታል።