ከአየር ጤና የተጫነች ፓምፕ

«መኪና እጥበት ልትከፍቺ ከሆነ ትንሿን ውሰጃት» አለኝ አባዬ። «ወርቅ ልታወጪ ከሆነ ግን ትልቋን ነው።»

«አባዬ፣ ትልቋ ለሽንኩርት ማሳ ናት።»

«አፏን አላየሽውም? ክንድሽ ይገባባታል እኮ።»

«አፍ አላት፤ ግፊት ግን የላትም።»

«ለእኔ ነው ስለ ግፊት የምትነግሪው?»

የምንጨቃጨቀው አየር ጤና፣ የጋሽ ሸምሱ ፓምፕ መሸጫ ደጃፍ ላይ ነበር። አባዬ ጸጉሩ የሸበተው እዚያው አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ነው፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ቁልፍ እያቀበልኩት ነው ያደግሁት። በማግስቱ ደቡብ ሱዳን ልሄድ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዮናታን እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ፈቃድ አውጥቶ፣ በርሜል ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ የወርቅ ማውጫ ድሬጅ ሠርቷል። የጎደለው ፓምፕ ብቻ ነው። ያጠራቀምነው ለአንዲት ብቻ ይበቃል፤ ከተሳሳትን ሌላ እስክንገዛ ወንዙ ይሞላል፣ እኔም ባዶ እጄን ወደ ሰፈሬ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ እመለሳለሁ።

የእኛ ሰፈር ሰው ፓምፕ የሚመርጠው በአፉ ስፋት ነው። ገዢው ገበሬ ነዋ፤ ገበሬ ደግሞ ማሳው ቶሎ እንዲጠጣለት ይፈልጋል። ድሬጅ ሌላ ነገር ነው። ጠጠሩ በፓምፑ ውስጥ አያልፍም። ፓምፑ ውሃውን በቀጭን አፍንጫ በኩል ወደ ወፍራሙ ቱቦ በኃይል ይረጨዋል፤ የዚያ ውሃ ሩጫ ነው ከወንዙ ወለል አሸዋውንና ጠጠሩን እየጎተተ ወደ ማጠቢያው ገንዳ የሚያወጣው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ያቺ ለእሳት ማጥፊያ የምትሸጠው ትንሿ ናት። ይህን ለአባዬ ደጋግሜ ነገርኩት። እሱም ደጋግሞ አፏን አሳየኝ።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል፤ በርሜሉ ይኸው፣ ውሃው ይኸው» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀጭን አፍንጫ ገጠምንላቸው። ትልቋ ውሃውን እስከ ሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ አደረሰችው። ትንሿ ግን ጣሪያውን አሻግራ፣ ማዶ ታክሲ የሚጠብቁት ላይ አወረደችው። አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው እንኳን ሳያዩ ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። አባዬ አልሳቀም። እጁን በጨርቅ ጠረገና «እሷን ይዘሽ ከሄድሽ፣ የፓምፕ ሠሪ ልጅ ነኝ እንዳትዪ» አለኝ።

ትንሿን ገዛሁ።

እኛ ቤት መንገደኛ በር ላይ ሳይጸለይለት አይወጣም። አባዬ መዳፉን ራስህ ላይ ያሳርፍና ረጅም ጸሎት ይጸልያል፤ ዮናታን ሲሄድ አውቶብሱ ሊያመልጠው ነበር። እኔ በሄድኩበት ጠዋት ግን አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እማዬ ብቻዋን ጸለየችልኝ። የብረት በራችን እጀታው ወደ ላይ ካልተነሳ አይዘጋም። አነሳሁት፤ ጓ ብሎ ተዘጋ። አውቶብስ ላይ ሆኜ ይችን ጻፍኩ፤

አፈ ሰፊው ቀርቶ ጉልበታሙን ይዤ፣
ወንዝ ላስነሳ ሄድኩ ከኮልፌ ተጉዤ።

የጻፍኳት ለራሴ ድፍረት እንድትሰጠኝ ነው።

ድንበር ላይ የቆመው ሹም በስደት ጋምቤላ የኖረ ስለሆነ አማርኛ ይችላል። ጭነቴን በዱላው ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የውሃ ፓምፕ።»

«ውሃ እንዳናጣ ሰግተሽ ነው?»

«ወርቅ ልናወጣበት ነው። ፈቃዱ ይኸው።»

«የእናንተ ሴቶች እኮ ሻይ ነው የሚሸጡት።»

«እኔ ሻይ ማፍላት አልችልም።»

«አበሻ ሆነሽ? እንግዲህ አሁን ነው የጠረጠርኩሽ። አስነሺያት።»

ገመዷን አንዴ ስቤ አስነሳኋት። ብዙ አዳመጣትና፣ ለቤቱ ባኞ ውሃ የምትስብ ታናሽ እህት ፓምፗ እንዳላት ጠየቀኝ። የለችም አልኩት። አለፍኩ።

አከራዬ ማማ ሮዳ ይባላሉ። የጭቃ ቤታቸውን ሲያከራዩኝ ወንድ እንዳይገባ፣ በሌሊት እንዳይዘፈን አስጠነቀቁኝ። ፓምፗን ተሸክሜ ስገባ ግን በሩ ላይ ቆሙ። «ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አሉ፤ ሊቀበለኝ የመጣው ዮናታን እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ይህቺ ማናት?» እንዳትሰረቅብኝ አልኳቸው። «ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት ተከራይ አስገብቼ አላውቅም።» በመጨረሻ፣ በየማለዳው የጉድጓድ ውሃቸውን ወደ ታንከራቸው ልትስብላቸው ተስማማን። እነሱ ውሃን «ሞያ» ይሉታል። ፓምፗ ኪራይዋን ከፍላ የምታድር ብቸኛዋ የኮልፌ ልጅ ሆነች።

ምግባቸው አሲዳ ነው፤ ገንፎ ነው በሉት፣ ግን መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሚገባበት ጉድጓድ የለውም። ሙቀቱ ደግሞ ጥላም ውስጥ አይለቅም። የሐምሌ በረዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው ናፈቀኝ። ብታምኑም ባታምኑም ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል የሚመጣው ነፋስ ራሱ ናፈቀኝ። ሌላው የጣለውን አገላብጠው ጠቃሚውን የሚለዩ ሰዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የወርቅ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ጎንበስ ስል እነሱን አስባለሁ። መለየት የእኛ ሰፈር ሙያ ነው።

ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚሠራ ቡድን አፈ ሰፊዋን ነበር ያመጣው። ቱቦዋ ውሃ ያወጣል፣ ጠጠሩ ግን ከወለሉ አይነሳም። የእኛዋን ያስነሳን ቀን ቱቦው እንደ እባብ ተንቀጠቀጠ፤ መጀመሪያ ደፍራሽ ውሃ፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠሩ እየተንኳኳ ወጣ። ገንዳው ላይ ያነጠፍነውን ምንጣፍ ስናጥበው፣ ከጥቁሩ አሸዋ ውስጥ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ የሆነ ቢጫ ተገኘ። ዮናታን ጮኸ። እኔ ግን ያየሁት ፓምፗን ነበር።

እሑድ፣ ከቸርች ተመልሰው ቤት በሚሆኑበት ሰዓት፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ሆኜ ደወልኩ።

«አባዬን ስጪኝ» አልኳት እማዬን።

«አጠገቤ ነው። ዜና የሚያይ መስሏል።»

«ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጊው።»

ስልኩን እየሠራች ወዳለችው ፓምፕ ዘረጋሁ። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው በዚያ በኩል ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ቤንዚን አብዝተሽባታል» አለ አባዬ። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ቀነስኩላት። «አሁንስ?»

አዳመጣት። «አሁን ጭነት ላይ ናት። እየጎተተች ነው?»

«ጠጠር እየጎተተች ነው አባዬ። ወርቅም አይተናል።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ኮቱን ለበሰ» አለች እማዬ። «ወዴት ነህ አንተ ሰውዬ? ልጅህ እኮ ስልክ ላይ ናት።»

«ሸምሱ ሱቁን ሳይዘጋ» አለ ከራቅ ብሎ። «የፓምፕ ሠሪ ልጅ ምን እንደመረጠች ልነግረው።»

ቆይ አባዬ፣ ጸሎቴስ፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። የብረቱ እጀታ ወደ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ፤ ከዚያ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።